«ለአባትሽ እልከዋለሁ»

(የመግቢያ ሙዚቃ። ክራር ብቻ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል።)

   

ዛሬ የምናወራው በስልክና በኢንተርኔት በኩል በሰው ላይ ስለሚደርስ ጥቃት ነው። ማስፈራራት፣ ማሸማቀቅ፣ ስም ማጥፋት፣ የሰውን ገመና ማውጣት። ልጆች አጠገባችሁ ካሉ አይውጡ። ሬዲዮኑን ትንሽ ከፍ አድርጉትና አብረን እንስማ።

(ሙዚቃው ይቆማል።)

አንዲት ልጅ እናስብ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ቤተሰቦቿ ከደባርቅ ከተማ በእግር ግማሽ ቀን ከሚያስኬድ ቀበሌ ናቸው። እሷ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ከተማው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትማራለች። የገበያ ዕለት አባቷ ስንቋን ይዘውላት ይመጣሉ። ስልኳን የገዛችላት ዓረብ አገር የምትሠራው ታላቅ እኅቷ ናት።

በቴሌግራም አንድ ልጅ ይተዋወቃታል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ ተማሪ ነኝ ይላታል። ለሁለት ወር ያህል ደግ ደግ ነገር ይጽፍላታል፤ ስለ ፈተናዋ ይጠይቃታል፤ ደህና እደሪ ሳይላት አይተኛም። ፎቶ ላኪልኝ ይላታል፤ ትልክለታለች። ቀጥሎ ለሌላ ሰው የማታሳየውን ዓይነት ፎቶ ይጠይቃታል። እንቢ ስትል «አታምኚኝማ!» ይላታል። ትልክለታለች።

በማግሥቱ ሌላ ሰው ሆኖ ይመጣል። «3,000 ብር በቴሌብር አስገቢ። ካላስገባሽ ለአባትሽ እልከዋለሁ።»

(ለአፍታ ዝምታ።)

እስኪ ልጠይቃችሁ፤ ይህ ሰው በእጁ የያዘው መሣሪያ ምንድን ነው?

ፎቶው ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔ ሌላ ነገር ይታየኛል። አባቷ የያዙት ተራ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ፎቶው ቢላክም አይከፍትላቸውም። አስፈራሪው ይህን ቢያውቅም አይጨነቅም። እሱ የተማመነው በአባቷ ቁጣ ነው። ወሬው ቤት ከደረሰ ምን እንደሚባል ልጂቱ ታውቃለች። «ድሮስ ትምህርት ምን ሊያደርግልሽ!» ተብላ ወደ ቀበሌዋ እንደምትመለስ፣ ምናልባትም በዚያው እንደምትዳር ታስባለች። አስፈራሪውም ይህንኑ ያውቃል። መሣሪያውን አቀባብለን የሰጠነው እኛ ቤተሰቦቿ ነን።

ስለዚህ ትከፍላለች። መጀመሪያ ከቤት ኪራይዋ፤ ቀጥሎ ከጓደኛዋ ተበድራ። የከፈለ ሰው ደግሞ ይጠየቃል፤ መክፈል የሚችል መሆኑን አሳይቷልና። ክፍል ውስጥ ፈዝዛ ትቀመጣለች። መምህሯ «ምን ነካሽ?» ሲሏት «ራሴን አሞኝ ነው» ትላለች። የገበያ ዕለት አባቷ ሲመጡ ፊታቸውን ማየት ይከብዳታል።

አንዲት ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፤ ዛሬ ደጋግሜ እላታለሁ። ልጅ የደረሰባትን ስትነግረን ከአፋችን የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል «ደህና አደረግሽ የነገርሽኝ» ይሁን። ቁጣው፣ ምክሩ፣ ጥያቄው ሁሉ ይደርሳል። መጀመሪያ ግን «ደህና አደረግሽ የነገርሽኝ።»

(አጭር ሙዚቃ።)

አንዳንድ አድማጭ «ልጆች ድሮም ይሰዳደቡ ነበር፤ አሁን ምን አዲስ ነገር መጣ?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው።

ዳን ኦልቬውስ የሚባሉ፣ በኖርዌይ ይሠሩ የነበሩ የሥነ ልቦና ሊቅ ነበሩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ጀምሮ በትምህርት ቤት ውስጥ ልጅ በልጅ ላይ የሚያደርሰውን ጥቃት ያጠኑ ናቸው። ተራ ጠብን ከጥቃት የሚለዩ ሦስት ምልክቶች አስቀምጠዋል። አንደኛ፣ ሆን ተብሎ ይደረጋል። ሁለተኛ፣ ይደጋገማል። ሦስተኛ፣ አጥቂው በጉልበት፣ በቁጥር ወይም በሌላ ነገር ይበልጣል፤ ተጠቂው ራሱን መከላከል ያቅተዋል።

ስልክ ሲገባበት እነዚህ ምልክቶች መልካቸውን ይቀይራሉ። በፊት የጉልበተኛው ልጅ ጥንካሬ እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ነበር። ተጠቂው ልጅ ቤቱ ሲገባ ያርፍ ነበር። አሁን ስድቡ ትራሱ ሥር ድረስ ይከተለዋል፤ ሌሊት ስልኩ ሲጮኽ ይሰማል።

መደጋገሙን ደግሞ ልብ በሉ። አንድ ልጅ አንዲትን ልጅ የሚያዋርድ ቪዲዮ አንድ ጊዜ ብቻ ይለጥፍ። ሁለት መቶ ሰው ሼር ቢያደርገው ያቺ ልጅ የተዋረደችው ሁለት መቶ ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ልጅ ጣቱን ያነሣው አንዴ ነው። የቀረውን የደጋገመው ማን ነው? እየሳቀ ለጓደኛው ያስተላለፈው ነው። «እኔ ምን አደረግሁ፣ የደረሰኝን ነው የላክሁት» የሚለው ነው። አባቶች «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይሉ ነበር። ከስልክ የወጣውን ማን ይመልሰዋል?

(ለአፍታ ዝምታ።)

እንግዲህ ጥቃቱ በምን በምን መልክ ይመጣል? በየሰፈራችን የምናየውን እንናገር።

የክፍል ተማሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው። ስለ ቤት ሥራ የሚጠያየቁበት ነው። አንድ ቀን የአንዱን ልጅ ፊት ከፎቶ ቆርጠው ስቲከር ያደርጉታል። አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የተነሣውን መርጠው። ከዚያ በኋላ ማንም በተናገረ ቁጥር መልሱ ያ ስቲከር ይሆናል። ለእነሱ ሳቅ ነው። ልጁ ግን ግሩፑን መክፈት ይፈራል፤ ትንሽ ቆይቶ ክፍል መግባትም ያስጠላዋል። መምህራን፣ ጎበዝ የነበረ ተማሪ በድንገት መቅረት ሲያበዛ ይህንንም ጠይቁ።

የጥምቀት በዓላችንን ተመልከቱ። በጎንደር በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ስንት ሺህ ሰው ስልኩን ወደ ላይ አንሥቶ ይቀርጻል! በደስታ የምትጨፍር ልጅ ሳታውቅ ትቀረጻለች። ማታ ቲክቶክ ላይ ትወጣለች፤ ከሥር ስለ ልብሷ፣ ስለ ሰውነቷ፣ ስለ ዘሯ የሚጻፈውን አንብቦ መጨረስ አይቻልም። በዓል ላይ መገኘቷ ለስድብ ፈቃድ መስጠቷ ነው እንዴ? ሴንተር ፎር ኢንፎርሜሽን ሬዚሊየንስ የተባለ ተቋም በኢትዮጵያ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ባደረገው ጥናት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በእንግሊዝኛ ከ2,000 በላይ የማዋረጃና የጥላቻ ቃላትን ሰብስቧል። አንድ መዝገበ ቃላት ሙሉ ስድብ ማለት ነው። ሴት ሐሳቧን ስትናገርም ስትጨፍርም የሚጠብቃት ያ ነው።

ደግሞ የሐሰት አካውንት አለ። የመምህሩን፣ የዲያቆኑን፣ የነጋዴዋን ፎቶና ስም ወስዶ በእነሱ ስም ገንዘብ ይለምናል፤ ወይም ነውር ይጽፋል። ባለቤቱ የሚሰማው ሰው ሲቀየመው ነው።

ሞባይል ጥገና ቤትንም መርሳት የለብንም። አብዛኞቹ ጠጋኞች በላባቸው የሚያድሩ ታማኝ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን የይለፍ ቃላችንን ወረቀት ላይ ጽፈን ስልኩን ለሁለት ቀን ስንተው በውስጡ ያለውን ሁሉ አብረን መተዋችን ነው። ሜሞሪ ካርዱን አውጡ። ከተቻለ ከጠጋኙ አጠገብ ቁጭ ብላችሁ አስጠግኑ። በብሉቱዝና በሜሞሪ ከስልክ ወደ ስልክ የሚሄድን ፎቶ የኢንተርኔት መቋረጥም አያቆመውም።

ኢንተርኔት በሌለበት ቀበሌም ጥቃቱ አለ። ከማይታወቅ ቁጥር ሌሊት ሌሊት መደወል። ሲያነሡት ዝም ማለት፤ ወይም ጸያፍ ነገር ተናግሮ መዝጋት። ባሏ ዓረብ አገር የሄደባት ሴት፣ ብቻዋን የምትኖር መበለት ይህን በደንብ ያውቁታል። ቁልፍ ባለው ስልክም ቢሆን ሰውን ማሳደድ ይቻላል።

(አጭር ሙዚቃ።)

አሁን ወደ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልውሰዳችሁ። ከክልላችን፣ ከአማራ ክልል ዋና ከተማ፣ ከባሕር ዳር ነው። ለመናገር ከባድ ነው፤ በሰሜኑ ጦርነት ያልቆሰለ ቤት የለምና። ግን በቅርባችን የሆነውን ትተን የሩቁን ብቻ ብናወራ ትምህርቱ አይደርሰንም።

ፕሮፌሰር መአረግ አማረ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። በብሔራቸው ትግራዋይ ነበሩ። ጊዜው የሰሜኑ ጦርነት የተፋፋመበት ነበር። በመስከረም 2014 መጨረሻ ፎቶአቸው በፌስቡክ ላይ ወጣ። የሚሠሩበት ቦታ ተጻፈ። የሚኖሩበት ሰፈር ተጻፈ። ቤተሰባቸው ሐሰት ነው ያሉት ውንጀላ ተለጠፈባቸው። ከሥር ሰዎች በኮሜንት እየተቀባበሉ ደማቸውን ጠየቁ።

ጥቅምት 24 ቀን 2014 ፕሮፌሰሩ ከዩኒቨርሲቲው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታጠቁ ሰዎች ተከተሏቸው። በቤታቸው በር ላይ በጥይት ተገደሉ።

(ለአፍታ ዝምታ።)

ልጃቸው አብርሃም መአረግ ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለፌስቡክ አመልክቶ ነበር። መልስ የመጣለት አባቱ ከሞቱ በኋላ ነው። በታህሳስ 2015 እሱና የአምነስቲ ኢንተርናሽናል ባልደረባ የሆነው ፍሥሐ ተክሌ፣ ካቲባ ኢንስቲትዩት ከተባለ የኬንያ ተቋም ጋር ሆነው የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሱ። ናይሮቢ የተመረጠው ከኢትዮጵያ የሚለጠፈውን የሚያጣሩ ሠራተኞች የነበሩት እዚያ ስለሆነ ነው። በመጋቢት 2017 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። ይህ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ የሚናገር ፍርድ አይደለም። የአንድ ኢትዮጵያዊ አባት ደም በዓለም ከትልልቆቹ አንዱ ከሆነ ኩባንያ በፍርድ ቤት እንዲጠየቅ በሩን የከፈተ ውሳኔ ነው።

በአገራችን ደግሞ አዋጅ ነበረን። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ እንዲያነሡ ያዛል። የፕሮፌሰሩ ፎቶ ሲወጣ አዋጁ ከወጣ አንድ ዓመት ተኩል አልፎት ነበር። ወረቀት ላይ የተጻፈው 24 ሰዓት ለእሳቸው አልደረሰላቸውም።

ይህን ስናገር በሕጉ ተስፋ ቁረጡ ማለቴ አይደለም። ሕግ ሰው ካልያዘው ራሱን አያስከብርም ማለቴ ነው። በየቤታችሁ የሰውን ሰፈር፣ የሰውን ቤት፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት የሚናገር ጽሑፍ ስልካችሁ ላይ ሲደርስ፣ ስለዚያ ሰው ያላችሁ አስተያየት ምንም ይሁን ምን፣ እዚያው ይቁም። ሪፖርት አድርጉት። ለማንም አታስተላልፉት። ምናልባት የምታስተላልፉለት ሰው መሣሪያ የያዘ ይሆናል።

(አጭር ሙዚቃ።)

ወደ ደባርቋ ልጅ እንመለስ። አሁን ለአንድ ሰው ነገረች እንበል። ለአባቷ፣ ለአክስቷ፣ ወይም ለመምህሯ። ያ ሰው ምን ያድርግ?

መጀመሪያ ምን ይላል? አብራችሁኝ በሉ። «ደህና አደረግሽ የነገርሽኝ።»

ቀጥሎ ገንዘብ አይላክም። አንድ ብርም ቢሆን። ለማስታረቅም፣ ለመለመንም ከሰውየው ጋር ረጅም ወሬ አይገባም።

ከዚያ ማስረጃ ይያዛል። ሰው ሲናደድ መጀመሪያ የሚያደርገው ሁሉንም ማጥፋት ነው። አታጥፉ! የዛቻውን ጽሑፍ፣ የላኪውን ስም፣ ስልክ ቁጥሩን፣ ቀንና ሰዓቱን የሚያሳይ ስክሪንሾት አንሡ። ገንዘብ ተልኮ ከነበረ የቴሌብሩን መልእክት አስቀምጡ፤ ገንዘቡ የገባበት ቁጥር በሰው ስም የተመዘገበ ነው። ስልኩ ስክሪንሾት የማያነሣ ከሆነ የጽሑፍ መልእክቱን አታጥፉት፤ የተደወለበትን ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት ደብተር ላይ ጻፉ። ማስረጃው ከተያዘ በኋላ ሰውየውን ብሎክ አድርጉ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ፎቶውን ራሱን «እዩት፣ ይህን ነው የሚለው» እያላችሁ ለዘመድ አትላኩ። ዛቻው በቂ ማስረጃ ነው። ልጂቱ ከ18 ዓመት በታች ከሆነች ደግሞ እንዲህ ያለውን ፎቶ ማስተላለፍ ብቻ ሳይሆን ይዞ መገኘትም ከባድ ወንጀል ነው።

ፎቶው እንዳይሠራጭ ማድረግስ ይቻላል? ከፊሉን መከላከል ይቻላል። ፎቶው ሲነሣ ዕድሜያቸው ከ18 በታች ለነበሩ «ቴክ ኢት ዳውን»፣ ከዚያ በላይ ለነበሩ «ስቶፕ ኤንሲአይአይ» የሚባሉ ነፃ አገልግሎቶች አሉ። ፎቶው ከስልኩ አይወጣም፤ ማንም አያየውም። መሣሪያው ከፎቶው ላይ እንደ ጣት አሻራ ያለ የቁጥር ምልክት ያወጣና ያንን ብቻ ይልካል። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክን የመሳሰሉ በስምምነቱ ያሉ መድረኮች ያ አሻራ ያለው ፎቶ ሲጫንባቸው ይለዩታል። በሁሉም መድረክ አይሠራም፤ ቢሆንም ከምንም ይሻላል። የአይሲቲ መምህራን፣ ይህን ተለማምዳችሁ ተማሪዎቻችሁን እርዱ።

«አጥቂው የት እንዳለ ሳይታወቅ ማን ይይዘዋል?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። በካናዳ አማንዳ ቶድ የምትባል ልጅ ነበረች። ገና ልጅ ሳለች አንድ የማታውቀው ሰው በኢንተርኔት አታልሎ ፎቶዋን ወሰደ፤ በበርካታ የሐሰት ስሞች እየመጣ ዓመታት አሳደዳት። ትምህርት ቤት ብትቀይርም ፎቶዋን ለአዲሶቹ ጓደኞቿ ይልክላቸው ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012፣ በ15 ዓመቷ ሕይወቷ አለፈ። ያ ሰው የነበረው ውቅያኖስ ማዶ፣ ኔዘርላንድስ ነው። ተገኘ፤ ለካናዳ ተላልፎ ተሰጠ፤ በዚያው አቆጣጠር በ2022 የ13 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ፍርዱ ለአማንዳ ዘገየ። ርቀትና የሐሰት ስም ግን አልሸሸጉትም።

ይህን የምትሰሙ ልጆች፣ ነገሩ ከብዶባችሁ ሕይወታችሁን የሚያስጠላችሁ ስሜት ከመጣ ብቻችሁን አትሁኑ። ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ሕክምና አለ፤ መታከም የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ወላጆች፣ ልጅ እንዲህ ያለ ቃል ከተናገረ ለአንድ ሌሊትም ቢሆን ብቻውን አትተዉት።

(አጭር ሙዚቃ።)

አሁን ሕጉን በአጭሩ እንንገራችሁ። አዋጅ ቁጥር 958 ይባላል፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ነው፤ በ2008 ወጣ። ስልክም በዚህ ሕግ ውስጥ ይገባል።

በጽሑፍ፣ በድምፅ ወይም በምስል አንድን ሰው ወይም ቤተሰቡን በከባድ ጉዳት ያስፈራራ ሰው እስከ 3 ዓመት ይታሰራል፤ ከበድ ሲል እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርስበታል። ስለ አንድ ሰው ወይም ስለ ቤተሰቡ መልእክት እየደጋገመ በመላክ ፍርሃትና የአእምሮ ጭንቀት ያደረሰ እስከ 5 ዓመት፣ ከበድ ሲል እስከ 10 ዓመት። ሌሊት እየደጋገመ ጸያፍ ነገር የሚልክ ሰው ይህን ይስማ። ስም የሚያጠፋ ነገር ያሠራጨ ደግሞ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 30,000 ብር መቀጮ፣ ወይም ሁለቱም። ልጅን ለወሲብ ለማባበል ጸያፍ መልእክት ወይም ምስል የላከ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት።

ስም ማጥፋት በግል አቤቱታ የሚታይ ወንጀል ነው፤ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ማመልከት አለባችሁ። ስንት ወር? ሦስት ወር። ማን ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ የሚያሳየውን መረጃም አገልግሎት ሰጪው እንዲያቆይ ሕጉ የሚያስገድደው ለ1 ዓመት ነው። «ይለፍ፣ ይረሳል» እያላችሁ ከቆያችሁ ማስረጃው ራሱ ይጠፋል።

የት ይኬዳል? በቅርባችሁ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ። አቤቱታ ለመጻፍ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም በባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፤ ሴቶችን በነፃ ያማክራል።

«ሽማግሌ ይጨርሰው» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሽምግልናን እናከብራለን፤ ይህ አገር ስንት ደም በሽማግሌ አድርቋል። ሁለት ተማሪዎች በስቲከር ተቀያይመው ከሆነ፣ ያጠፋው ይቅርታ ጠይቆ፣ ያወጣውን አጥፍቶ፣ በዚያው ግሩፕ ውስጥ ስህተቱን ተናግሮ ይታረቁ፤ ከፖሊስ ጣቢያ ይልቅ ይህ ይሻላል። ዛቻ፣ የገንዘብ ማስገደድ ወይም የልጅ ገላ ያለበት ጉዳይ ግን ለእርቅ አይቀርብም። በተለይ «ካሳ ከፍሎ ያግባት» የሚለውን ፈጽሞ አልቀበለውም። ያሳደዳትን ሰው ባሏ ማድረግ ለእሷ የዕድሜ ልክ ፍርድ ነው። አባቶች ሽማግሌዎች፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲቀርብላችሁ መልሱት።

(ለአፍታ ዝምታ።)

ወላጆች፣ አንድ ነገር ቀረኝ። ልጃችሁ ስትነግራችሁ ስልኳን መቀማት ቀላሉ መፍትሔ ይመስላል። ስልኩን ስትቀሙ የተቀጣችው ማን ናት? እሷ ናት። አጥቂው ስልኩን እንደያዘ ነው። ታናሽ እኅቷ ደግሞ ይህን አይታ ነገ ቢደርስባት ዝም ትላለች። ከትምህርት ቤት ማስወጣትማ አስፈራሪው ያሰበውን ሳይደክም ማድረስ ነው። ስልኩን ከመቀማት አብራችሁ ሴቲንጉን አስተካክሉ። ቴሌግራም ላይ ስልክ ቁጥሯን ማንም እንዳያየው ማድረግ ይቻላል። የማታውቀው ሰው ግሩፕ ውስጥ እንዳይጨምራት መከልከል ይቻላል። ሁለተኛ የይለፍ ቃል ማስገባት ይቻላል። እናንተ ካላወቃችሁበት እሷ ታሳያችሁ፤ መጠየቃችሁ ራሱ ያቀራርባችኋል።

ስለ ወንዶች ልጆቻችንም አስቡ። ወንድ ልጅም ይሸማቀቃል፤ ፎቶው ተይዞበት ገንዘብ ይጠየቃል። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ስላልነው ብቻ ከሴቷ ይልቅ ይደብቃል። ለእሱም ቃሉ ያው ነው፤ «ደህና አደረግህ የነገርኸኝ።»

ደግሞ ልጄ ተጠቂ ይሆን ብለን እንደምንጨነቅ፣ ልጄ አጥቂ ይሆን ብለንም እንጠይቅ። ያ ማራኪ ግቢ ተማሪ ነኝ ያለው ልጅ እናት አለው። ዛሬ ቡና አፍልታ ይህን ዝግጅት እየሰማች ይሆናል። ከየት እንዳመጣው የማታውቀው ብር ሲይዝ፣ እሷን ሲያይ ስልኩን ሲደብቅ፣ ጓደኞቹ አንድ ስክሪን ላይ ተሰብስበው ሲስቁ አይታ «ምንድን ነው?» ብላ ትጠይቀው። ወንድሞቹም ይጠይቁት። ሴቶቹን ብቻ ስንጠብቅ የወንዶቹን እጅ ማን ይያዝ?

(የመውጫ ሙዚቃ ከሩቅ ይጀምራል።)

ለሚቀጥለው ሳምንት አንድ ሥራ አለን። ተማሪዎች፣ በትምህርት ቤታችሁ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ልጅ ለማን ነው የሚናገረው? የሚናገርለት ሰው ተመድቧል? ክፍላችሁ ውስጥ ያሉ ተማሪዎች ያንን ሰው ያውቁታል? ርእሳነ መምህራንም ይህንኑ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሳችሁን በደብዳቤም በስልክም አድርሱን፤ በቀጣዩ ዝግጅት እናነበዋለን። ስትጽፉልን የተጠቂዎችን ስም አትጥቀሱ፣ ፎቶም አትላኩ። የትምህርት ቤቱንና የወረዳውን ስም ብቻ ጻፉልን።

(ሙዚቃው ከፍ ይላል፤ ዝግጅቱ ያበቃል።)